መዳቡ አልቆ ከተማዪቱ የቀረች፤ ሮሮስ በኖርዌይ አገር



በትምህርት ቤት ስለ ማዕድን ስናስተምር ሳለን አንድ ልጅ እጁን አነሣና «መምህር፥ ማዕድኑ ተቈፍሮ ያለቀ እንደ ሆነ ከተማው ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። መጽሐፋችን ወርቅ በየት አገር፥ መዳብ በየት አገር እንደሚወጣ ይነግረናል እንጂ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ስለሚሆነው ነገር አንድ ቃል አይናገርም። ጓደኞቹ ሣቁበት፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሰው ቤቱን የሚሠራው፥ ልጁን የሚድረው፥ ቤተ ክርስቲያኑንም የሚያንጸው እንጀራው ባለበት ስፍራ ነው። እንጀራው ሲነቀል ይህ ሁሉ አብሮ ይነቀላልን? ወይስ ሥር ሰዶ የሚቀር ነገር ይኖራል? በዚህ ወር ለዚያ ልጅ መልስ ይሆነው ዘንድ የአንዲትን ከተማ ታሪክ እናቀርባለን። በኖርዌይና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችንም ምናልባት አንድ ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ሊያዩአት ይችላሉና፥ ጎብኚ የሚያያቸውን ነገሮች በየተራቸው እንጠቅሳለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢው ያስተውልልን።

ከተማዪቱ ሮሮስ ትባላለች። የምትገኘው ከኖርዌይ ዋና ከተማ ከኦስሎ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከስዊድን ጠረፍ ብዙም ሳትርቅ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ይህ ከፍታ ለእኛ ለደገኞች ቈላ ነው። ዳሩ ግን አገሩ ወደ ሰሜን ዋልታ የቀረበ ስለ ሆነ ብርዱ እኛ ከምናውቀው ብርድ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. በሮሮስ ከዜሮ በታች 50.4 ዲግሪ ተለክቷል። እህል እንደ ልብ አይበቅልባትም። እንግዲህ ሰዎች ወደዚህ ቀዝቃዛ ምድረ በዳ ምን አመጣቸው ቢባል፥ ያመጣቸው ከመሬት በታች ያለው መዳብ ነው።

የአገሩ ሰዎች ነገሩን በተረት መልክ እንዲህ ብለው ይተርኩታል። ዘመኑ 1644 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር ዐፄ ፋሲል በጎንደር ነግሠው የነበሩበት ወራት መሆኑ ነው። ሐንስ ኦልሰን ኦሰን የሚባል ገበሬ ለአደን ወጥቶ በዚያ አገር የሚገኘውን የበረዶ አጋዘን መታ። አጋዘኑም በሞት ጣር ሲወራጭ መሬቱን የሸፈነውን ሽበት በሰኰናው ጫረው፤ ከሥሩም የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ታየ። ተረቱ እንዳለ ይሁንና፥ በዚያ ዓመት የመዳብ ሥራ መጀመሩ ግን በታሪክ የተረጋገጠ ነው። ሥራው እየወደቀና እየተነሣ እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ፥ ማለት 333 ዓመት ቈይቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከአንድ መቶ ሺህ ቶን የሚበልጥ መዳብ ወጥቷል።

በዚያን ጊዜ ኖርዌይ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነበረች። ንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ በ1646 ዓ.ም. ለመዳቡ ማኅበር የመብት ደብዳቤ ሰጠ። ስቶርቫርትስ የሚባለውን የማዕድን ስፍራ እንደ መካከለኛ ነጥብ አድርገው በዙሪያው አንድ ታላቅ ክበብ አስመሩ፤ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። በዚያ ክበብ ውስጥ ያለው ማዕድን፥ ደኑና ወራጅ ውሃው ሁሉ ለማኅበሩ ጥቅም ተሰጠ። በክበቡ ውስጥ የነበሩትም ገበሬዎች እንጨት እንዲቈርጡ፥ ከሰል እንዲያከስሉ፥ ማዕድን እንዲያጓጕዙ ግዴታ ተጣለባቸው። ለሥራቸው ዋጋ ይከፈላቸው ነበር፤ እንቢ ለማለት ግን አይችሉም ነበር። አያቶቹ በነፃነት ያደኑበትና ያረሱበት አገር በአንዲት ደብዳቤ የሌላ ሲሆን ገበሬው ምን እንደ ተሰማው ለመገመት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ ጕብኝቱ እንግባ። ጎብኚ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው የሀብቱን ምንጭ ነው። ከከተማው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኦላቭ የሚባል የማዕድን ጕድጓድ አለ። አንዱ ክፍል በ17ኛው መቶ ዓመት የተቈፈረ ሲሆን፥ ሁለተኛው ክፍል በ1936 ዓ.ም. ሥራ የጀመረና በዚያን ጊዜ በነበረው አልጋ ወራሽ በኦላቭ ስም የተሰየመ ነው። ዛሬ ጎብኚዎች በአስጐብኚ እየተመሩ 500 ሜትር ያህል ወደ ተራራው ሆድ ይገባሉ፤ በዚያም ስፍራ ከምድር ገጽ 50 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ይገኛሉ። በውስጡ ያለው ሙቀት ክረምትም ሆነ በጋ 5 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ፥ እኛ ክረምት ስንል እነርሱ በጋ በሚሉበት ወራት እንኳ የሚጐበኝ ሰው ወፍራም ልብስና ጥሩ ጫማ ሊያደርግ ይገባዋል። በጕድጓዱ ውስጥ ሰፊ አዳራሽ አለ፤ በዚያም አንዳንድ ጊዜ የሙዚቃ ጉባኤ ይደረግበታል። ዱሮ የመዶሻ ድምፅ ብቻ ይሰማበት በነበረው ዋሻ ዛሬ የመሰንቆ ድምፅ ይሰማበታል ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

አለቱ እንዴት ይፈለፈል እንደ ነበር ልጆች ቢጠይቁ መልሱ የሚያስደንቅ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባሩድ አልነበራቸውም። ስለዚህ በጕድጓዱ ውስጥ በአለቱ ግድግዳ አጠገብ የእንጨት ክምር ደርድረው እሳት ይለቁበታል። እሳቱ ለብዙ ሰዓት ሲነድ አለቱ በትኵሳት ይሰነጠቃል፤ ሠራተኞቹም ጭሱ ከወጣ በኋላ ገብተው የተሰነጠቀውን ድንጋይ በመዶሻና በብረት እየፈነቀሉ ያወጡታል። የቤት እመቤት የጋለ የሸክላ ድስት እንደምን እንደሚሰነጠቅ ታውቃለችና ይህ ጥበብ አይሠወርባትም። ነገር ግን በዚህ መንገድ ጥቂት ክንድ ወደ ፊት ለመሄድ ምን ያህል እንጨት እንደሚጠፋ ይታሰብ። በአሮጌው ክፍል ያለው ግድግዳ በእሳት ስለ ተፈለፈለ ለስላሳና ክብ ሆኖ ይታያል፤ ባሩድ የሰበረው ግድግዳ ግን ሻካራ ነው። ያየ ሰው የሁለቱን ዘመን ልዩነት በእጁ ዳስሶ ሊያውቅ ይችላል።

የተፈነቀለው ድንጋይ ወደ ማቅለጫው የሚሄደው ባብዛኛው በክረምት ነበር። ብርዱ ለሰው ጠላት ሲሆን ለሥራው ግን ወዳጅ ሆነ። ሐይቆችና ረግረጎች በረዶ ሆነው በሚጠነክሩበት ጊዜ ፈረሶች መንኰራኵር የሌለውን የበረዶ ጋሪ በላያቸው እየጐተቱ ያለ ድልድይ ይሻገሩ ነበር። መዳቡም ከተጣራ በኋላ በዚሁ መንገድ ወደ ትሮንድሄም ወደብ፥ ከዚያም በመርከብ ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር። ዛሬ የክረምቱ መንገድ ራሱ እንደ ቅርስ የሚጠበቅ ነው። ምንም ሕንጻ የሌለበት፥ ፀሐይ ሲወጣ የሚቀልጥ መንገድ ቅርስ መባሉ ለጊዜው ያስገርማል፤ የሰውና የፈረስ ድካም የሄደበት መሆኑ ሲታወቅ ግን ተገቢ ሆኖ ይገኛል።

ከጕድጓዱ ተመልሰን ወደ ከተማው ስንገባ በላይኛው ጫፍ የማቅለጫውን ቤት እናገኛለን። ቤቱ ከወንዙ አጠገብ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ወናፎቹን የሚነፋው በውሃ ኀይል የሚዞር መንኰራኵር ስለ ነበረ ነው። ማቅለጡ በ1953 ዓ.ም. ቆመ፤ ቤቱም ከዚያ በኋላ በእሳት ጠፋ። ዛሬ የሚታየው በአሮጌው አምሳል እንደ ገና የታነጸው ሲሆን፥ ውስጡ ቤተ መዘክር ሆኗል። በውስጡም የጕድጓዶቹ፥ የውሃ መንኰራኵሮቹና የማንሻ መሣሪያዎቹ አምሳያዎች በትንሹ ተሠርተው ተቀምጠዋል። ሕፃናት በቃል የተነገራቸውን ያህል ሳይሆን በዓይናቸው ያዩትን ያህል ስለሚያስታውሱ፥ ልጆች ላሏቸው ጎብኚዎች ከዚህ የሚሻል ትምህርት ቤት አይገኝም።

ከማቅለጫው ቤት ፊት ለፊት ማዕድኑ የሚራገፍበትና የሚመዘንበት አደባባይ አለ። በዚያም ላይ አንድ የደወል ቤት ቆሟል። ይህ ደወል ለጸሎት የሚጠራ አልነበረም፤ ለሥራ መግቢያና መውጫ የሚመታ ነበር። የከተማው ሰው የሚነሣውና የሚያርፈው በሁለት ደወሎች ነበረ ማለት ነው፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን፥ አንዱ የማቅለጫ። የትኛው ይበልጥ ይሰማ እንደ ነበር ለማወቅ የሠራተኛውን ጓዳ ማየት ይበቃል።

ከአደባባዩ ወዲያ ጥቁር ኰረብታዎች ይታያሉ። እንግዳ ሰው የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው ብሎ ያስባል፤ እነርሱ ግን የሰው እጅ ሥራ ናቸው። ቀጥቃጮቻችን «የብረት አር» እንደሚሉት ሁሉ፥ መዳቡ ከቀለጠ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ከዓመት ዓመት እየተደፋ የተከመረ ነው። በላዩ ላይ የሚበቅል ነገር የለም ማለት ይቻላል። መዳቡ ከመቅለጡ በፊት ድንጋዩ በእሳት ይጠበስ ነበርና የዲኑ ጭስ በአካባቢው ያለውን ሣርና ቅጠል አደረቀው። የቀረውንም ደን የከሰሉ ጕድጓድና የማዕድኑ እሳት በላው። ዛሬ ዛፉ በብዙ ስፍራ ተመልሷል፤ ቢሆንም በከተማው ዙሪያ ያለው ገላጣ ምድር የዱሮውን ዋጋ ሳይደብቅ ይናገራል። የሮሮስ ሰዎች እነዚህን ጥቁር ክምሮች ጠርገው አለመጣላቸው የሚመሰገን ነው። የወጣውን መዳብ ብቻ አሳይቶ የቀረውን ዝቃጭ የሚሰውር ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነውና።

በክምሮቹ ግርጌ ባለው መንገድ ዳር ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ጣሪያቸው በሣር የተሸፈነ ነው፤ ይኸውም እንደ እኛ ክዳን የደረቀ ሣር ሳይሆን ከነአፈሩ ተነሥቶ የተደረገ፥ በጣሪያው ላይ ሆኖ የሚለመልም ሣር ነው። በእነዚህ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ከከተማው ሕዝብ ሁሉ ድኾቹ ነበሩ። ከፍ ያሉት ሹማምንት ግን ዋናውን መንገድ ይዘው በሰፊ ቤት ይኖሩ ነበር። ከተማው ሁለት ረዣዥም ትይዩ መንገዶች ሲኖሩት፥ በነዚያ ግራና ቀኝ በቅጥራን የጠቈሩ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ቆመዋል። ሰዎች እስከ ዛሬ ይኖሩባቸዋል፤ ይነግዱባቸዋል፤ ልጆቻቸውን ያሳድጉባቸዋል። ሮሮስን ከብዙ አሮጌ ከተሞች የሚለያት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የሙታን ቤተ መዘክር ሳትሆን የሕያዋን መኖሪያ ናት።

ቤቶቹን በማስተዋል ያየ ሰው ሌላም ነገር ይማራል። ከብዙዎቹ ቤቶች በስተ ኋላ ግቢ አለ፤ በግቢውም የላም ጋጣና የድርቆሽ ማስቀመጫ ይገኛል። የማዕድን ሠራተኛው ደመወዝ ቤተ ሰቡን አይችልለትም ነበርና እያንዳንዱ ቤት ላም ያረባ ነበር። ባል ሳምንቱን በጕድጓዱ አጠገብ ሲያድር ሚስት ከብቱን ትጠብቃለች፤ ወተቱን ታልባለች፤ በአጭሩ በጋ ድርቆሹን ሰብስባ ለረዥሙ ክረምት ታዘጋጃለች። በታሪክ መዝገብ የተጻፈው የንጉሡና የሹማምንቱ ስም ነው፤ ከተማዪቱን 333 ዓመት ያቆማት ግን የመዳቡ ሥራ ብቻ ሳይሆን የእነዚህ እናቶች ድርቆሽ ጭምር ነው። የሮሮስ ቅቤና ወተት በኖርዌይ ዛሬም ስም አለው። እነሆ፥ መዳቡ ሲያልቅ ላሟ ቀርታለች።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንሂድ። ከእንጨት በተሠራችው ከተማ መካከል ከድንጋይ የታነጸ፥ በነጭ የተለሰነ አንድ ታላቅ ሕንጻ ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የአገሩ ሰዎች «የማዕድኗ ከተማ ጌጥ» ይሉታል። ቅርጹ ስምንት ማዕዘን ነው። የተመረቀው በ1784 ዓ.ም. ሲሆን 1600 ያህል ሰው ያስቀምጣል። በግንቡ ላይ መዶሻና መሮ ተመሳቅለው ተሥለዋል፤ ይህ የማዕድን ሠራተኞች ምልክት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የሉተራውያን ነውና ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ሥርዐቱ እንግዳ ነው። ቅኔ ማሕሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ብለን የምንለየው ክፍል የለበትም፤ የስብከቱ ሰገነት ከመንበሩ በላይ ተሠርቷል፤ በ1742 ዓ.ም. የተሠራ አሮጌ ኦርጋንም አለው። በግድግዳው ላይ የቅዱሳን ሥዕል በሚጠበቅበት ስፍራ የማዕድኑ ሹማምንትና የቀሳውስቱ ሥዕል ተሰቅሎ ይገኛል። ለንጉሡም የተለየ መቀመጫ ተሠርቶለታል።

ሕንጻው 23,000 ሪክስዳለር ፈጅቷል። ሪክስዳለር የዚያን ዘመን የብር ገንዘብ ነው። በዚያው ወራት አንድ የማዕድን ሠራተኛ በዓመት ያገኝ የነበረው 50 ሪክስዳለር ያህል ነበረ። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ልጅዎን ጠርተው በሒሳብ ያካፍሉት፤ ውጤቱ 460 ይሆናል። አንድ ሠራተኛ ምንም ሳይበላ ደመወዙን ሁሉ ቢሰጥ ያንን ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት 460 ዓመት ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። ገንዘቡን ያወጣው የመዳቡ ማኅበር ነው፤ የማኅበሩ ገንዘብ ግን ከማን ድካም እንደ ተገኘ ተራራው ያውቃል። ይህን የምንለው ሕንጻውን ለማቃለል አይደለም። እነዚያ ድኾች ሳምንቱን በጨለማ ውለው እሑድ ከፍ ባለውና ብርሃን በሞላበት አዳራሽ ሲቀመጡ ያ ጌጥ የእነርሱም ነበረ። በግንቡ ላይ ያለው መዶሻ የሹሙ መዶሻ አይደለምና።

ስለ ሹማምንቱ ስንናገር አንዱን ለይተን ልናመሰግን ይገባናል። ፔዴር ሒዮርት ቤተ ክርስቲያኑ በታነጸበት ዘመን የማዕድኑ አስተዳዳሪ የነበረ ሰው ነው። በ1789 ዓ.ም. ሲሞት ሀብቱ ለድኾች መርጃ እንዲሆን ተናዘዘ። ኑዛዜውም ገንዘቡ እንዲሁ እንዲበተን የሚያዝ አልነበረም፤ ጥሬ ዕቃ እየተገዛ የድኻ ቤተ ሰቦች ልብስ እንዲሠሩበት፥ የተሠራውም ልብስ ለተቸገሩት እንዲታደል የሚያዝ ነበረ። በዚህ ምክንያት አንዱ ድኻ ሥራና ሙያ አገኘ፤ ሌላው ድኻ ከብርድ ዳነ። ያ የእጅ ሙያ በከተማው ሥር ሰደደና ዛሬም በሮሮስ የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሸምን ድርጅት አለ፤ ታሪኩንም ከዚያ ኑዛዜ ይጀምራል። ምጽዋት በጥበብ የተሰጠ እንደ ሆነ ከሰጪው ዕድሜ አልፎ እስከ ልጅ ልጅ እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ምስክር ምን ያስፈልጋል? መዳቡ አልቋል፤ ኑዛዜው ግን ይሸምናል።

ከተማዪቱ ያለ መከራ አልኖረችም። መዳብ ባለበት ጠላትም ይመጣልና የስዊድን ወታደሮች በ1678 እና በ1679 ዓ.ም. መጥተው አቃጠሏት፤ ነዋሪዎቿም እንደ ገና ሠሯት። በ1718 ዓ.ም. ደግሞ የስዊድን ንጉሥ ካርል 12ኛ ኖርዌይን ለመያዝ ሲነሣ፥ ጄኔራል አርምፌልት በሰሜን በኩል ዘመተ፤ ከሠራዊቱም አንዱ ክፍል ሮሮስን ይዞ መዳቧን ዘረፈ። ንጉሡ ግን በደቡብ በኩል ምሽግ ሲከብብ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ወሬው በደረሰ ጊዜ አርምፌልት ሠራዊቱን ይዞ በ1719 ዓ.ም. መግቢያ በተራሮቹ ላይ ወደ አገሩ ሲመለስ የበረዶ ዐውሎ ነፋስ ያዘው። 3,000 ያህል ወታደሮች በብርድ ደርቀው ሞቱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለምን እንደ ዘመቱ እንኳ የማያውቁ የገበሬ ልጆች ነበሩ። ይህን ታሪክ የሮሮስ ሰዎች «እሳት» ብለው በሰየሙት የዜማ ተውኔት በብዙ በጋዎች አሳይተውታል፤ መድረኩም እነዚያ ጥቁር የዝቃጭ ክምሮች ናቸው። ተውኔቱ የሚያሳዝነው ለራሳቸው ወገን ብቻ ሳይሆን በብርድ ለሞተውም ጠላት መሆኑ ልብን ይነካል።

በክረምት የሚጐበኝ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። በየዓመቱ በየካቲት አጋማሽ ገደማ፥ በአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ ወር ከመጨረሻው በፊት ባለው ማክሰኞ፥ ታላቅ ገበያ ይቆማል። ገበያው በንጉሥ ፈቃድ የተመሠረተ ሲሆን የጀመረው በ1854 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከየአውራጃው፥ ከስዊድንም ጭምር፥ ሰዎች በፈረስ በሚጐተት የበረዶ ጋሪ፥ የጠጕር ካባ ለብሰው፥ እንደ አባቶቻቸው በመንገድ እያደሩ ይመጣሉ። በባቡርና በመኪና መምጣት አቅቷቸው አይደለም፤ ባቡር ወደ ሮሮስ ከገባ ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ነገር ግን አባቶቻቸው የደከሙበትን መንገድ በዓመት አንድ ጊዜ በራሳቸው አካል ለማወቅ ይፈልጋሉ።

የሮሮስን ሠራተኞች ኑሮ ለዓለም የነገረው ከመካከላቸው የወጣ ሰው ነው። ዮሐን ፋልክበርጌት በ1879 ዓ.ም. ከከተማው ብዙ በማይርቅ ስፍራ ተወለደ። ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ወደ ማዕድኑ ሥራ ገባ፤ እስከ 27 ዓመቱም ድረስ በዚያ ቈየ። በእኛ ቤት የ8 ዓመት ልጅ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት በሚጀምርበት ዕድሜ እርሱ ድንጋይ ይለይ ነበር ማለት ነው። ሆኖም በዚያ ድካም መካከል ማንበብና መጻፍን አልተወም፤ በኋላም በአገሩ ከታወቁት ደራስያን አንዱ ሆነ። «የሌሊት እንጀራ» የሚል ትርጕም ያለው ታላቁ ልብ ወለዱ በ17ኛው መቶ ዓመት ማዕድን ታጓጕዝ ስለ ነበረች ስለ አንዲት ድኻ ልጅ የሚተርክ ነው። በ1967 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ይኖርበት የነበረውም ራትቮልደን የተባለው ቤት ዛሬ ለጎብኚዎች ይከፈታል። የሹማምንቱን ሥዕል በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ያየ ሰው የሠራተኞቹን መልክ በፋልክበርጌት መጻሕፍት ውስጥ ያገኘዋል።

የመዳቡ ማኅበር በ1977 ዓ.ም. ከስሮ ተዘጋ። የዚያ ልጅ ጥያቄ በሮሮስ ላይ የደረሰው በዚያ ጊዜ ነው። 333 ዓመት ሙሉ የኖረው ሥራ ሲቆም ከተማዪቱ ባዶ ልትሆን ትችል ነበር፤ በዓለም ላይ እንዲህ የሆኑ ብዙ የማዕድን ከተሞች አሉ። ሮሮስ ግን አልጠፋችም። ሰዎቿ የሚሸጠው ድንጋይ ቢያልቅም አሮጌውን ቤት አላፈረሱም፤ የብዙዎቹ ቤቶች ጥበቃ ማዕድኑ ከመዘጋቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፥ በ1920ዎቹ ዓመታት የተጀመረ ነበረና። በ1980 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከተማዪቱን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፋት። አንባብያን ያስተውሉ፤ የእኛም አክሱም በዚሁ መዝገብ የተጻፈችው በዚያው ዓመት ነው። የነገሥታት ሐውልት የቆመባት ጥንታዊት ከተማና የድኻ ሠራተኞች ጎጆ የተሰለፈባት የማዕድን ከተማ በአንድ ዓመት በአንድ መዝገብ ሰፈሩ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ያ ንጉሡ ያሠመረው ታላቅ ክበብና የክረምቱ መንገድ ተጨምረው ተጻፉ። ዱሮ ገበሬው የተገደደበት ወሰን ዛሬ የገበሬው ድካም የሚታወስበት ወሰን ሆነ።

በርግጥ ጎብኚ ብቻውን ከተማ አያኖርም። ቅርስን ማሳየትም የራሱ ፈተና አለው፤ ለእንግዳ ዓይን ሲባል ድህነቱን አሳምሮ፥ ጥላሸቱን አጥቦ ማሳየት ይመጣልና። የሮሮስ መልካምነት ጌጡንና ዝቃጩን አጠገብ ለአጠገብ ማቆየቷ ነው። ነጩን ቤተ ክርስቲያን የሚያይ ሰው ፊቱን ዘወር ሲያደርግ ጥቁሩን ክምር ያያል፤ ሁለቱም ከአንድ ተራራ የወጡ ናቸው።

እንግዲህ ለልጁ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጄ ሆይ፥ ማዕድን ያልቃል። ከምድር የሚወጣ ነገር ሁሉ የሚያልቅበት ቀን አለው። ከተማው የሚቀረው ግን መዳቡ በሚወጣበት ዘመን ከመዳቡ ሌላ ነገር የተሠራ እንደ ሆነ ነው። በሮሮስ የቀረው ምንድን ነው ብለህ ብትቈጥር፥ እናቶች ያረቧት ላም፥ አንድ ባለጠጋ ለድኻ የተናዘዘው ገንዘብ፥ ድንጋይ ሲለይ ያደገ ልጅ የጻፈው መጽሐፍ፥ ሰዎችም ሳያፈርሱ የጠበቁት ጎጆ ነው። ከእነዚህ አንዱም በንጉሡ ደብዳቤ ላይ አልተጻፈም ነበር።

ወላጆች ሆይ፥ በየቤታችንም የማያልቅ የሚመስለን ነገር ይኖራል፤ ደመወዝ፥ ንግድ፥ መሬት፥ ጤናም ቢሆን። በዛሬው ማታ ማዕድ ከተነሣ በኋላ ልጆችዎን ሰብስበው ይህን ታሪክ ያንብቡላቸው፤ ከዚያም «በቤታችን ይህ ያለቀ እንደ ሆነ የሚቀረን ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። ልጆቹ የሚመልሱትን በትዕግሥት ያድምጡ። ምናልባት እንደዚያ ተማሪ እኛ ያላሰብነውን ያሳስቡን ይሆናል።